ቁልቁለቱን በብስክሌት፣ አቀበቱን በታክሲ

ብስክሌት ለመግዛት ያሰበ ሰው ሐሳቡን ቤተሰቡ ፊት ሲያቀርብ የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «በዚህ አቀበት?» ይባላል፤ ጨዋታውም እዚያው ላይ ያልቃል። እውነት ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ የቦሌ አየር ማረፊያ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አዲስ አበባ በእነዚህ በሁለቱ መሃል ተንጋላ የተኛች ከተማ ናት። ጠዋት ነፋስ እየተቀበሉ በአሥር ደቂቃ የወረዱትን መንገድ ማታ ሸሚዝዎን በላብ አርሰው ነው የሚወጡት። ደሴ የሚኖር አንባቢማ ይህን ሲያነብ ይስቅብኛል።

ታጣፊ ብስክሌት ግን ጥያቄውን ራሱን ይቀይረዋል። አቀበቱን የግድ መንዳት የለብዎትም። ጠዋት ቁልቁለቱን ይነዳሉ፤ ማታ አጥፈው ታክሲ ውስጥ ያስገቡትና ተቀምጠው ይወጣሉ። ተራው ብስክሌት ይዞዎት የሄደውን ያህል ይዘውት መመለስ አለብዎት። ታጣፊው ግን ሲያስፈልግ ተሽከርካሪ፣ ሲያስፈልግ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ዕቃ በውጭ ማስታወቂያዎች የሚነገረው አብዛኛው ነገር ለሜዳ አገር ሰው የተነገረ ነው፤ እዚያ መታጠፉ ቦታ ለመቆጠብ ነው። እንደኛ ባለ ተራራማ አገር ግን ከመነዳቱ ይልቅ መታጠፉ ይበልጥብናል። ምርጫዎትም ከዚህ መነሳት አለበት።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈረንሳይ ጦር ወታደር አጥፎ በጀርባው የሚሸከመው ብስክሌት ሞክሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ወለዶች ታጣፊ ብስክሌት ይዘው በፓራሹት ይወርዱ ነበር። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ብሮምፕተን የተባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ አንድሪው ሪቺ በተባለ መሐንዲስ የተጀመረ ነው። ዳሆን የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ። የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ መንዳት የማይቻልበት ቦታ ሲደርስ ብስክሌቱን ማንሳት።

ለማን ይጠቅማል?

በሁለት ታክሲ ሥራ ለሚገቡ ሰዎች ነው ዋናው ጥቅሙ። ለምሳሌ ከአያት ተነስተው መገናኛ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ለቀሪው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር እንደገና ሰልፍ ይይዛሉ። ጊዜ የሚበላው ያ ሁለተኛው ሰልፍ ነው፤ መንገዱማ አጭር ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር በደልዳላ መንገድ በብስክሌት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ነው፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳያልብዎት። ማታም እንደዚያው። አንድ ሰልፍ ከቀን ላይ ሲቀነስ ትንሽ ይመስላል። ልጅ ሳይተኛ ቤት መድረስና ተኝቶ ማግኘት ግን በዚያች ልዩነት ውስጥ ናቸው። ሁለተኛ መኪና ለመግዛት ባልና ሚስት ሲከራከሩ የሰማሁባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ የሚያስፈልጋቸው መኪና ሳይሆን ይቺን ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

መንገዱም ከቀድሞው ተሻሽሏል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ በአራት ኪሎ ወደ መገናኛ፣ ከቦሌ ወደ መገናኛ፣ በሜክሲኮና ሳር ቤት በኩልም የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ተሻግሯል። መስመሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይም መኪና ቆሞበት ያገኙታል። በዚህ ጊዜ ወርዶ መግፋት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ለጀማሪ የእሁድ ጠዋት ጥሩ ነው። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል መንገዶች ለተሽከርካሪ ዝግ የሚሆኑባቸው እሁዶች ስላሉ፣ ልጆችዎንም ይዘው ሊለማመዱ ይችላሉ።

«ሰው ምን ይላል» የሚለውን ደግሞ አንርሳው። ብስክሌት የልጅ ወይም የመልእክተኛ ነው የሚል አመለካከት ቢሮ አካባቢ አሁንም አለ። ባሕር ዳር ላይ ግን መምህሩም፣ ነርሷም፣ ነጋዴውም ይነዳሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ በልዑካኑ ውስጥ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። ከእኛ ጋር የቆየ ነገር ነው ለማለት ያህል ነው።

ሱቅ ሲገቡ

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነውና ስለ ካርቶኑ ልንገርዎ። «11 ኪሎ» ተብሎ በትልቁ ሲጻፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፔዳል፣ ያለ ፓራፋንጎ፣ ያለ ጭነት መጫኛና ያለ መብራት የተመዘነ ነው። ሁሉም ሲገጠምለት 13 ወይም 14 ይሆናል። ውሸት አይደለም፤ እኛ የምንወደው ዓይነት እውነት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትተው ያንሱት። ሻጩን አስፈቅደው አጥፈው በአንድ እጅ ይዘው ሁለት ፎቅ ደረጃ ይውጡ። አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ከሆነ ይህን ፈተና በየቀኑ ነው የሚወስዱት። ለማነጻጸር፣ ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። የዚያን ግማሽ ትንሽ ከፍ አድርገው ያስቡ። ሊሸከሙት የማይችሉት ታጣፊ ብስክሌት መታጠፉ ምንም አይጠቅምዎትም።

ቀጥሎ ጎማውን ይመልከቱ። ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ በእኔ ግምት ግን ከብራንዱ ይበልጣል። ጎማው ጎን ላይ ከኢንቹ ሌላ ባለ ሦስት አሐዝ ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ። «20 ኢንች» የሚባሉ ጎማዎች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ አንዱ 406 ነው፣ ሌላው 451። 406 በብዙ የልጆች ብስክሌቶች ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ጎማውም የውስጡም ላስቲክ ብስክሌት በሚሸጥበት በማንኛውም ከተማ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። 451 ከፈነዳብዎት ግን አዲስ አበባም ውስጥ መፈለግ አለብዎት። በ16 ኢንችም እንዲሁ ነው፤ የልጆቹ 305 ሲሆን ብሮምፕተን የሚጠቀመው 349 ነው። ብሮምፕተን ግሩም ዕቃ ነው፤ ሲታጠፍም በጣም ያንሳል። ከውጭ የሚያመጣልዎት ዘመድ ካለ ግን ሁለት የውስጥ ጎማና አንድ የውጭ አብሮ እንዲልክ ይንገሩት።

ትንሽ ጎማ የራሱ ጣጣ አለው። ጉድጓድ ሲያገኝ ትልቁ ጎማ ተንከባሎ የሚያልፈውን ትንሹ ይገባበታል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ለዚህ መፍትሔው ሰፋ ያለ ጎማ ነው፤ በ20 ኢንች ላይ ከ1.75 ኢንች ያላነሰ ስፋት ይፈልጉ። ነፋሱንም እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር አያስሞሉት።

አሁን ወደ ማርሹ እንምጣ። ሻጩ «ሰባት ማርሽ አለው» ይልዎታል። ሰባት መሆኑ ብዙ አይነግርዎትም፤ መጠየቅ ያለብዎት ትንሹ ማርሽ ምን ያህል ይቀላል ብለው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፔዳሉ ጋ ያለውን ጥርስ ይቁጠሩ፤ ኋላ ካሉት ትልቁን ጥርስ ይቁጠሩ፤ የፊቱን ለኋላው አካፍለው በጎማው ዙሪያ ያባዙ። የ20 ኢንች ጎማ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ፊት 52፣ ኋላ 28 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 2.8 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እያሉ አቀበት ሲወጡ በደቂቃ 100 ሜትር ይሄዳሉ፤ እግርዎ በደቂቃ 36 ዙር ብቻ ይዞራል ማለት ነው። ይህ ጉልበት የሚፈትን፣ ጉልበትን የሚያሳምምም አካሄድ ነው። ፊት 38፣ ኋላ 34 ቢሆን ግን አንዱ ዙር 1.7 ሜትር ይሆንና እግርዎ በደቂቃ 60 ጊዜ ገደማ ቀለል ብሎ ይዞራል። ለሜዳ ከተማ የመጀመሪያው ይበቃል። ለአዲስ አበባና ለወሎ ደጋ ወደ ሁለተኛው የቀረበውን ይምረጡ። ፊት ያለውን ጥርስ በአነስተኛ መቀየር ብዙ ጊዜ ስለሚቻል ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

ቁልቁለቱን ነው የምንነዳው ካልን ፍሬኑ ዋናው ነገር ነው። ቸርኬውን የሚይዘው ተራ የጎማ ፍሬን ርካሽ ነው፤ ላስቲኩም የትም ይገኛል። ነገር ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳይለቁ ከያዙት ትንሽ ቸርኬ ቶሎ ይግላል። ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ የፊቱንም የኋላውንም እየተጠቀሙ መውረድ፣ ሲረዝምም ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ዲስክ ፍሬን ካለው በሽቦ የሚሠራውን እመርጣለሁ። በዘይት የሚሠራው ሲነዱት ደስ ይላል፤ ሲበላሽ ግን የሚያውቀው ጠጋኝ በየከተማው አይገኝም።

መጨረሻ ማጠፊያውን ይፈትሹ። ዘርግተው ከቆለፉት በኋላ የፊት ፍሬኑን ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዙት፤ ማጠፊያው ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል እንቅስቃሴ ካለ ይተዉት። መቆለፊያው በራሱ እንዳይከፈት ሁለተኛ መያዣ ሊኖረው ይገባል። ያገለገለ ከሆነ ማጠፊያው አጠገብ ብየዳው ላይ ቀለሙ እንደ ፀጉር የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ፣ በርካሽ ቢሰጥዎትም አይውሰዱት። የሚሸከመው ክብደትም ገደብ አለው፤ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 110 ኪሎ ነው የሚፈቅዱት፣ ቦርሳዎን ጨምሮ።

ለቤተሰብ የሚመች አንድ ባሕርይም አለው። አካሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀሚስም ለመውጣትና ለመውረድ አያስቸግርም። ኮርቻውና መሪውም በአንድ ደቂቃ ከፍና ዝቅ ይላሉ። ጠዋት አባት ሥራ የሄደበትን ከሰዓት እናት ሱቅ ትሄድበታለች፤ ቅዳሜ የ12 ዓመቱ ልጅ ይጋልበዋል። የኮርቻው ብረት ላይ «ከዚህ አያልፍም» የሚል መስመር አለ። ረጅም ሰው ከዚያ በላይ እንዳያወጣው፤ ብረቱ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው።

አገር ቤት ሲሄዱ

እኔ የአጅባር ልጅ ነኝ። ስለዚህ ይህን ክፍል ስጽፍ ገለልተኛ ነኝ አልልም። የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ ያላየ ሰው አገሩ ሁሉ ገደል ይመስለዋል። ግማሹ ነው እውነት። ከላይ ሜዳ ነው፤ ገብስና ስንዴ የሚወዛወዝበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት ደልዳላ አምባ። ከዚያ ሜዳው ድንገት ይቆረጥና ሸለቆ ይሆናል። ማዶ ያለው መንደር ተጣርተው የሚሰሙት ይመስላል፤ ለመድረስ ግን ወርዶ መውጣት ነው፣ ግማሽ ቀን። ታጣፊ ብስክሌት የተሠራው ልክ ለዚህ ዓይነት አገር ነው የምለው ለዚህ ነው። ሜዳውን ይነዱታል፤ ሸለቆውን በመኪና ያልፉታል።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ድረስም በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል። ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ አጅባር በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ነው። ከመነሳትዎ በፊት ዘመድ ጋ ደውለው የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ፤ ዘንድሮ ይህን ሳያደርጉ መነሳት አይመከርም። ኮምቦልቻ ከወረዱ ደግሞ ወደ ደሴ ለመንዳት አይፈተኑ። ሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ ከፍታውም ከ1,900 ሜትር በታች ተነስቶ 2,500 አካባቢ ይደርሳል። እዚያ አጥፈው ይጫኑት።

መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ብዙ አይከብደውም። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ይዘው ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ሁለት ቀን በእግር ብቻ ይሁን። ጠዋት ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ እጅ ፍሬን አይዝምና ጓንት ይያዙ። ከአስፋልት ወጥተው ጠጠር ላይ ሲገቡ የፊት ፍሬኑን በድንገት አይያዙ። ውሻ ካባረረዎት ለማምለጥ አይሞክሩ፤ ወርደው ብስክሌቱን በመሃላችሁ አድርገው በእርጋታ ይራመዱ። ባለቤቱ ቶሎ ይደርሳል። የገበያ ቀን መንገዱ የበግና የበቅሎ ስለሆነ መግፋት ነው። በቅሎ ስትደነግጥ የሚወድቀው እርስዎ ሳይሆን የተቀመጡባት ሽማግሌ ናቸው።

ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ፣ ማለትም ወደ ደንቆሮ ጫካ፣ ከሄዱ ብስክሌቱን ከተማ ትተውት ይሂዱ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩት በእግር፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ ዝም ብለው ነው።

አጅባር ላይ የሚያገኙት አቀባበል ለብቻው ደስታ ነው። አጎቴ ብስክሌቱን ሳጥፈው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በጥሞና አዩትና «ልጄ፣ በቅሎ እንኳ እግሯን የምታጥፈው ስትተኛ ነው፤ ይቺ ደክሟት ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ተሰልፈው በየተራ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ዋሉ፤ የነዳው ሁለቱ ብቻ ነበር። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ማጠፊያው ጣት ይቆነጥጣል። ለልጆች ሲያሳዩ መጀመሪያ እጅ የት እንደሚያዝ ያሳዩ።

በአውሮፕላን ለሚሄዱ ሁለት ነገር ልጨምር። ለሚያስረክቡት ሻንጣ በብዙ አየር መንገዶች የተለመደው መለኪያ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምረው ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጡ ነው። ብሮምፕተኑ ታጥፎ በዚህ ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ ባለ 20 ኢንች ግን ያልፉታልና ሜትር ይዘው ለክተው አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለተኛው ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ደግሞ አብዛኛው ከዚህ ይበልጣል። አቀበቱን ያቀልልዎታል፤ ክብደቱ ግን 20 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል፣ ማለትም ያ የሞላው ጀሪካን ነው። ለጉዞ ከሆነ በእግር የሚዞረው ይሻላል። ለመጀመሪያ ጉዞ ባሕር ዳርን የሚያህል የለም። ሜዳ ነው፤ ከተማውም ለብስክሌት የለመደ ነው፤ የሐይቁ ዳር ጥላ አለው።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ካቴናውን ቶሎ ይበላዋልና በሳምንት አንድ ጊዜ በጨርቅ ጠርገው ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ ያድርጉበት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባልዎት ጠጋኝ ካለ ይከልክሉት፤ አሸዋ ይሰበስባል። የማጠፊያውን ብሎን በወር አንዴ ያጥብቁ። ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታ ጋ ይወስዱታል፤ የኋላው ጎማ በማርሹ ምክንያት ለማውጣት ስለሚያስቸግር ግን ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ አውጥተው መልሰው ይለማመዱ።

የታክሲው ነገር ይቀራል። ወያላው ብስክሌት ካየ «አይገባም» ይላል፤ ወይም የሁለት ሰው ይጠይቃል። መጠየቁም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቦታ ይይዛል፣ ቅባቱም የሰው ልብስ ይነካል። ስለዚህ ታክሲው ሳይመጣ አጥፈው ይጠብቁ፤ ተርሚናል ላይ ቆሞ ማጠፍ ተሳፋሪ ያስቆጣል። ዚፕ ያለው መሸፈኛ ይሸጥ ይሆናል፤ ንጹሕ ማዳበሪያም ያገለግላል። ሲሸፈን ብስክሌት መሆኑ ይቀርና ዕቃ ይሆናል፤ ዕቃ ደግሞ በየታክሲው ይገባል። የኋላው ወንበር ጥግ ይያዙና ካቴናው ያለበትን ጎን ወደ ግድግዳው አዙረው በጉልበትዎ ደግፈው ይያዙት። የዕቃ ከጠየቀዎት ሳይከራከሩ ይክፈሉ፤ ነገም እዚያው መስመር ላይ ነው የሚገናኙት።